አባባ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ምን ይሰሙ ነበር?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። አያቴ የሸሚንደፈር (የምድር ባቡር) ሠራተኛ ነበሩ፤ አባባ ነበር የምንላቸው። ካረፉ ቆይተዋል። ሰሞኑን ሣጥናቸውን ስናጸዳ ሁለት ነገር አገኘን። አንዱ አሮጌ ናሽናል ሬዲዮ ነው። የቁጥሩ መስታወት ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ሌላው ተራራ ያለበት ካርድ ነው። ጀርባው ላይ ‹ኤች ሲ ጄ ቢ፣ ኪቶ፣ ኢኳዶር› ይላል። ቀኑ 14 ጃንዋሪ 1974፣ ሰዓቱ 0230 ጂኤምቲ ነው፤ ከጎኑ 9745 የሚል ቁጥር አለ። ስጠያይቅ የክርስቲያን ሬዲዮ ጣቢያ ነው አሉኝ። አባባ ግን ከጅቡቲ አልፈው አያውቁም። እማማም ‹ሌሊት ለጸሎት ይነሱ ነበር እንጂ ሬዲዮ ሲሰሙ አላየሁም› ይላሉ። ጉጉት ይዞኝ እዚሁ ታይዋን ከሚባለው ገበያችን አዲስ ሬዲዮ ገዛሁ፤ የምሰማው ሽሽታና ቻይንኛ ብቻ ነው። ጣቢያው ዛሬም አለ? ለመሆኑ አጭር ሞገድ አልቀረም? አሮጌው ሬዲዮስ ይሠራ ይሆን?»

መልስ፦

አቦ፣ መጀመሪያ አንቱታውን ተይልኝ። የድሬ ልጅ አንቱ ሲሉት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ነው የሚያየው።

ከካርዱ እንጀምር። ኪው ኤስ ኤል ካርድ ይባላል። ደረሰኝ በይው። የሩቅ ጣቢያ የሰማ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቁጥር ላይ ሰማኋችሁ፤ እንዲህ እንዲህ ያለ ዝግጅት ነበራችሁ» ይላል። ጣቢያው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክረዋል። ልክ ከሆነ ይህን ካርድ ይልክለታል። ስለዚህ አባባ ኪቶን የሰሟት እዚሁ ድሬ ቁጭ ብለው ነው። ለዚያውም አንድ ዘፈን ሰምተው አላለፉም። ካርድ እንዲመጣላቸው ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ያህል ዝግጅት በወረቀት እየያዙ ተከታትለዋል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ወይ እንግሊዝኛ ወይ ሌላ የፈረንጅ ቋንቋ መቻል ይጠይቃል። የሸሚንደፈር ሰው ደግሞ ፈረንሳይኛ አያጣም። ጣቢያው በብዙ ቋንቋ ነበር የሚያሰራጨው።

አሁን ሰዓቱን እንፍታ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጂኤምቲ የዓለም የጋራ ሰዓት ነው፤ ዛሬ ዩቲሲ ይሉታል። የኛ ሀገር በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት ይቀድመዋል። በኛ አቆጣጠር ሲሆን ግን አቋራጭ አለው፤ በቃ 3 ቀንሺ። ለምሳሌ 1800 የሚል ብታገኚ 3 ሲቀነስ 15 ይሆናል። ከ12 በላይ ስለሆነ 12ቱን ጣይውና 3 ይቀራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። የአባባ ካርድ 0230 ነው የሚለው። ከእሱ ላይ 3 ሰዓት ሲነሳ ግማሽ ሰዓት ይጎድላል። 12 አበድሪውና 11፡30 ይመጣል። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል። ቀኑ በኛ ጥር 6 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ እማማ የሚሉት ልክ ነው። አባባ በዚያ ሰዓት ይነሱ ነበር። ሬዲዮ ሲሰሙ አለመታየታቸው ደግሞ አያስገርምም። ሬዲዮውን ጎን ለጎን እዪው፤ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይኖረዋል። የኢርፎን መሰኪያ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ነጠላ ጆሮ ያላት፣ ቢጫ ያለች የፕላስቲክ ኢርፎን ካገኘሽ ነገሩ አለቀ። ሰው ሳይቀሰቅሱ ይሰሙ ነበር። ጸሎቱም አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ጣቢያው እንደሆነ የመዝሙርና የስብከት ነው።

ለምን በዚያ ሰዓት? የእንቅልፍ ማጣት ጉዳይ አይደለም። አባባ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር።

የአጭር ሞገድ ወሬ ሁሉ ያለው ሰማይ ላይ ነው። ኤፍ ኤም በቀጥታ መስመር ይሄድና ተራራ ሲመታ ይቆማል። ደንገጎን ከወጣሽ በኋላ የድሬ ኤፍ ኤም የሚጠፋብሽ ለዚህ ነው። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ከምድር 250፣ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ያስያዘችው የአየር ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። ሞገዱ እዚያ ደርሶ ይታጠፍና ተመልሶ ይወርዳል። መሬት ወይም ባሕር መትቶ እንደገና ይነሳል። እንዲህ እየነጠረ ውቅያኖስ ይሻገራል።

ችግሩ ቀን ላይ ሌላ ንብርብር ከታች ይፈጠራል። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። ይህኛው አይመልስም፤ ይበላል። በተለይ ዝቅ ያሉትን ቁጥሮች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ይጠፋል፣ የላይኛው ግን ይቆያል። ለዚህ ነው ማታ ሬዲዮው እንደ ገበያ የሚንጫጫው። 9745 ኪሎ ኸርዝ ሬዲዮ ሰዎች የ31 ሜትር ባንድ ከሚሉት ውስጥ ነው። ይህ ባንድ ረጅም መንገድ የሚሄደው በጨለማ ነው።

ኪቶ ከድሬ በቀጥታ ቢለካ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመሃል አፍሪካን በሙሉ፣ አትላንቲክን በሙሉ፣ ከዚያ ደቡብ አሜሪካን ታቋርጫለሽ። ይህ ሁሉ መንገድ በአንድ ጊዜ ጨለማ የሚሆነው መቼ ነው? የሰዓት ልዩነታችን 8 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኪቶ ገና ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ለዚያውም የትናንቱ። ድሬ ላይ ጎህ ሊቀድ ትንሽ ቀርቶታል፣ ኪቶ ላይ መሽቷል፣ መሃሉ ጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ ጨለማው የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ብቅ ስትል ጣቢያው እየሳሳ ይጠፋል። እኔ ራሴ በዚያች ሰዓት ብዙ ጣቢያ አጥምጃለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው እብድ ነው ብሎኛል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣቢያው ራሱ ታሪክ አለው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ኤች ሲ ጄ ቢ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 በገና ቀን ነው። ክላረንስ ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቀኛና ሚስዮናዊ ነው ከባልንጀሮቹ ጋር ያቆመው። የመጀመሪያው ማሰራጫ ጉልበቱ ከ250 ዋት የማይበልጥ ነበር። ዛሬ ከዚራ ያለ ካፌ ስፒከር ከዚያ የባሰ ዋት ተጽፎበታል። በዚያን ጊዜ ኢኳዶር ውስጥ ሬዲዮ የነበረው ሰው በጣት ይቆጠራል። ስሙም ትርጉም አለው። ኤች ሲ የኢኳዶር መለያ ነው፤ የኢትዮጵያ ኢ ቲ እንደሆነ ሁሉ። ሁለት ፊደል ጨምረውበት በስፓኒሽ «ኦይ ክሪስቶ ኼሱስ ቤንዲሴ» የሚል አደረጉት። «ዛሬ ክርስቶስ ኢየሱስ ይባርካል» ማለት ነው።

ኪቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ድሬ 1,200፣ ሐረር 1,900 ቢሆኑ ነው። አዲስ አበባንም ትበልጣለች። ማሰራጫቸው ጉልበት እየጨመረ ሲሄድ አንድ ጉድ ገጠማቸው። ማታ ማታ የአንቴናው ዘንጎች ጫፍ ይበራል፣ ይንጣጣል፣ ብረቱም እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ኤሌክትሪክን ደህና አድርጎ አያግድም። ኃይሉ ደግሞ የሚጠራቀመው ዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ዘሎ ይወጣል። ጫፉ ላይ የብረት ኳስ አድርገው ሞከሩ፤ አልበቃም።

ክላረንስ ሙር የተባለ ኢንጂነር ነው መላ ያመጣው። የሚቃጠለው ጫፉ ከሆነ ጫፍ የሌለው አንቴና እንሥራ አለ። ሽቦውን አራት ማዕዘን አድርጎ ዘጋው፤ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። እሳቱ ቆመ። ይህ የሆነው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በፈረንጅ። ኩቢካል ኳድ ይባላል። እስከ ዛሬ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ጣሪያቸው ላይ ይሰቅሉታል። ለወንጌል ሲባል ተፈልስፎ ለሁሉም የተረፈ ዕቃ ነው። እኔ የካቶሊክም የፕሮቴስታንትም ጣቢያ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ግን ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጣቢያው ዛሬ አለ ወይ ላልሽው፣ ስሙ አለ፤ አባባ የሰሙት ማሰራጫ ግን የለም። ከኪቶ ወጣ ብሎ ፒፎ በሚባል ቦታ ነበር አንቴናዎቹ የተተከሉት። ኪቶ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሠራ እነዚያ ረጃጅም ምሰሶዎች ለበረራ አደጋ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ውጭ ሀገር የሚሄደው ስርጭት ከዚያ ቆመ፤ ምሰሶዎቹም ወረዱ። የድርጅቱ የአውስትራሊያ ክንፍ ከ2003 ጀምሮ ኩኑኑራ ከሚባል ቦታ በአጭር ሞገድ ያሰራጫል። እሱ ግን አንቴናውን ያዞረው ወደ እስያ ነው። ለኛ ዋስትና የለውም። ስለዚህ የአባባን ምልክት ላይ መርፌውን አቁመሽ ኪቶን ብትጠብቂ አትመጣም።

«ለምን ያን ያህል ርቀት? እዚሁ የክርስቲያን ጣቢያ አልነበረም ወይ?» ትይ ይሆናል። ነበረ እንጂ። አያትሽ እሱንም ሳይሰሙ አይቀሩም። ብስራተ ወንጌል ይባል ነበር። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመረቀ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአማርኛ ሌላ ወደ አረብ ሀገር፣ ወደ ኢራን፣ ወደ ህንድ፣ ወደ ማዳጋስካር፣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ በየቋንቋው ይናገር ነበር። ያኔ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓለምን የሚያዳርስ ድምፅ ነበረን ማለት ነው።

አሠራራቸው ከሌሎቹ ይለያል። ከዝግጅቱ 30 በመቶው ስብከትና መዝሙር፣ 70 በመቶው ዜና፣ ጤና፣ ትምህርት፣ እርሻ፣ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር ዕቅዳቸው። ለዚህ ይመስለኛል እኛ ሰፈር ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይከፍቱት የነበረው። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ስብከቱን ሳይሆን ዜናውን ለመስማት ዝም በል የተባልኩትን ነው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ከዚያ በኋላ በእነዚያው ማሰራጫዎች የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ መነገር ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች አያምኑኝም። አጭር ሞገድ ላይ ቅርብ መሆን ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ታጥፎ የሚወርደው ራቅ ብሎ ነው። በመሃል ምንም የማይደርሰው ቀለበት ይኖራል። ወደ ህንድ የተላከ ስርጭት አዲስ አበባ ተነስቶ በድሬ አናት ላይ አልፎ ቦምቤይ ላይ ይወርዳል። ህንዳዊው ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ የድሬ ሰው ሽሽታ ይሰማል። ጎረቤት ሲደግስ ሽታው ብቻ እንደሚደርስሽ በይው።

ብስራተ ወንጌል ከተወረሰ በኋላ የአማርኛ ክርስቲያናዊ ስርጭት ከውጭ መምጣቱ ቀጠለ። ፌባ የሚባለው ከ1970 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሲሸልስ ያሰራጭ ነበር። አንቴናው ባሕር ላይ፣ የኮራል ድንጋዩ ላይ ነበር የተተከለው። ጨዋማ ውኃ ሞገድን እንደ መስታወት ነው የሚያንሸራትተው፤ ድሬ ላይ እንደ ሰፈር ጣቢያ ይገባ ነበር። ትራንስ ዎርልድ ሬዲዮ ደግሞ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስዋዚላንድ፣ ከዛሬዋ ኤስዋቲኒ አለ። ከድሬ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአጭር ሞገድ ምቹ ርቀት ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም ሲያሰራጭ ኖሯል። ቫቲካን ሬዲዮ በአማርኛና በትግርኛ አለው፤ እሱም በ1931 ነው የተከፈተው፣ የሬዲዮ አባት የሚባለው ማርኮኒ ራሱ ነው የሠራው። የአድቬንቲስቶች ዓለም አቀፍ ሬዲዮም አለ። አንዳንዶቹ ዛሬ የራሳቸው ማሰራጫ የላቸውም። ዝግጅቱ በአንድ ሀገር ይቀረጻል፣ በኢንተርኔት ይላካል፣ ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ በሰዓት በተከራዩት ማሰራጫ ወደኛ ይተኮሳል።

ስለዚህ አጭር ሞገድ ቀጥኗል እንጂ አልሞተም። እውነቱን ልንገርሽ፤ ስብከቱን ብቻ ከሆነ የፈለግሽው ስልክሽ ላይ በነፃ፣ በጥራት ታገኚዋለሽ። ይህን ሁሉ ልፋት አይጠይቅም። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለ ሬዲዮው ነው።

ወደ አዲሱ ሬዲዮሽ እንምጣ። ሽሽታና ቻይንኛ ብቻ ነው ያልሽው። ቻይንኛው መልካም ዜና ነው፤ ሬዲዮው ይሠራል ማለት ነው። የቻይና ዓለም አቀፍ ሬዲዮ ጉልበተኛ ነው፤ የቀርከሃ እንጨት ላይ ሽቦ ብታስሪ ይገባል። ሌሎቹን የከለከለሽ ቤትሽ ነው።

ዙሪያሽን እዪ። የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥን ዲኮደር፣ ስታቢላይዘር፣ የዋይፋይ ሣጥን። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ማሰራጫዎች ናቸው። አሥር ብር የማያወጣ ቻርጀር ከኤስዋቲኒ የመጣውን ሞገድ አፍኖ ይገድለዋል፣ ምክንያቱም እሱ አጠገብሽ ነው። በአባባ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረው አንድ አምፖልና ምናልባት አንድ ቬንቲሌተር ነው። ሰማዩ ያኔ ጸጥ ያለ ነበር። በዚያ ላይ ጣሪያሽ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ግድግዳሽ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ከሆነ፣ ሬዲዮውን ድስት ውስጥ ከድነሽ እንደማዳመጥ ነው።

የምትሞክሪው ቀላል ነው። መብራት እስኪጠፋ ጠብቂ። ድሬ ላይ ይህ ብዙ ትዕግሥት አይጠይቅም። ሰፈሩ ሲጨልም ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ክፈቺና ግቢ ውጪ። ልዩነቱን ራስሽ ትሰሚዋለሽ። ከኃይሉ ጋር የሚጠፋ ጫጫታ የቤት ነው፤ የማይጠፋው የሰማይ ነው። ክፍት ቦታ ፍለጋ ግን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትወርጂ። በተለይ ክረምት ላይ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ሁለቴ አይነገረውም።

ከዚያ አንቴና። ሬዲዮው ላይ ያለችው የምትሳብ ዘንግ ትንሽ ናት። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ስምንት ወይም አሥር ሜትር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ግዢ። አንዱን ጫፍ በመስኮት አውጥተሽ ግቢሽ ካለው ኒም ዛፍ ላይ እሰሪ፣ በፕላስቲክ ገመድ አስረዝመሽ። ሌላውን ጫፍ ላጥ አድርገሽ ዘንጓ ላይ ጠምጥሚው ወይም በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። ከመብራት ኃይል መስመር በፍጹም አይቅረብ፣ በታቹም በላዩም አይለፍ። ደመና ሲከብድና መብረቅ ሲጀምር ሽቦውን ንቀዪና ከቤት ውጭ ጣይው። እሱን አትርሺ።

ሽቦው ረዘመ ማለት ግን ሁልጊዜ ተሻለ ማለት አይደለም። ርካሽ ሬዲዮ ብዙ ሲጎርስ ይታነቃል። ጉልበተኛው ጣቢያ በሌለበት ቦታ ሁሉ ብቅ ማለት ይጀምራል። ምልክት ልስጥሽ፤ አንድ ጣቢያ ከትክክለኛ ቁጥሩ 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ በድጋሚ ካገኘሽው ሐሰተኛ ጥላ ነው። የብዙ ሬዲዮ ሆድ በ455 ኪሎ ኸርዝ ስለሚሠራ የዚያ እጥፍ ነው። ያ ቻይንኛ በየቦታው የሚከተልሽ ከሆነ በከፊል ይህ ነው። ሽቦውን በግማሽ አሳጥሪው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ከ7 እስከ 12 ሜጋ ኸርዝ (አንዱ ሜጋ 1,000 ኪሎ ነው) ያለውን ቀስ ብለሽ ሂጂበት። ቀን ላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ 15 እና 17 አካባቢ። ጣቢያዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ቁጥራቸውን ይቀይራሉ፤ በመጋቢትና በጥቅምት ከአጋማሹ በኋላ፣ በፈረንጅ ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ፕሮግራም ይዘሽ ብትፈልጊ ትደክሚያለሽ። የየጣቢያውን አዲሱን ድረ ገጹ ላይ እዪ፤ ሰዓቱ በዩቲሲ ነው የሚጻፈው፤ 3 ቀንሺ።

ደግሞ ልክ ከጨለመ በኋላ ድምፁ እንደ ነፋስ ላይ ጨርቅ ሲርገበገብ ብትሰሚ ሬዲዮውን አትምቺው። ድሬ ያለችው ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በኛ አናት ላይ ያለው የአዮኖስፌር ክፍል ይፈላል፣ አረፋ አረፋ ይሆናል። ሞገዱ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። እየመሸ ሲሄድ ይረጋል። ለንደን ያለ አድማጭ ይህ የለበትም። እሱ ደግሞ የዋልታው ማዕበል አለበት፤ እኛ ያ የለብንም።

አሮጌውን ናሽናል እንደው በጉጉት ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው። መጀመሪያ የባትሪ ቤቱን ክፈቺ። አሮጌ ድንጋይ ካለበት ፈሷል፤ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ታያለሽ። በኮምጣጤ ባራስሽው የጆሮ ጥጥ ጥረጊው፣ ከዚያ በደንብ አድርቂ። ጀርባው ላይ የቮልት መቀየሪያ ካለው 110 ላይ እንዳይሆን። 110 ላይ እያለ 220 ካገኘው ያቺው የመጨረሻዋ ናት። በአዲስ ድንጋይ ሞክሪው፤ ይሻላል። ቮሉሙን ስታዞሪ ቢንኮሻኮሽ የድሬ አቧራ ነው፤ ማጽጃ ስፕሬይ ይፈታዋል። ድምፁ ታፍኖ ከሰው ጉሮሮ የወጣ ካልመሰለ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል። እሱን ለጠጋኝ ስጪ፣ ግን አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አሠሪ። እኔ ወጣት ሆኜ አንድ ቤት የሰጠሁት ሬዲዮ ሲመለስ የውስጡ ግማሽ የሌላ ሬዲዮ ነበር። እንደዚያ ነው ጥገና ልማር ብዬ የተነሳሁት።

ስትሰሚ ጻፊላቸው። የኪቶዋ ካርድ እንዳትቀር ብቻ አይደለም፤ ጣቢያዎቹ ማሰራጫ የሚከራዩት በሰዓት ነው። ድሬ ላይ የሚሰማ መኖሩን የሚያውቁት ሰው ሲጽፍላቸው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ቁጥሩን፣ የሬዲዮሽን ዓይነትና የሰማሽውን ዝርዝር አስቀምጪ። «ስብከት ነበር» ብቻ አይበቃም። ማን ተናገረ፣ ስለ ምን፣ ስንት ደቂቃ ላይ መዝሙር ገባ፣ እሱን ነው የሚፈልጉት። ከዚያ አምስት ቁጥር ትሰጫለሽ፣ ከ1 እስከ 5። ሲንፖ ይባላል፤ ጉልበቱ፣ የሌላ ጣቢያ መግባት፣ ጫጫታው፣ መዋዠቁ፣ በመጨረሻ አጠቃላዩ። እኔ በልጅነቴ ለአንድ ጣቢያ ደስ ይበላቸው ብዬ አምስቱንም 5 ሰጠሁ። በወሩ መጨረሻ መልስ መጣ፤ «በዚያ ዕለት ማሰራጫችን ተበላሽቶ በግማሽ ጉልበት ነበር የሠራነው፤ እባክህ እውነቱን ጻፍ» ይላል። ካርዱን ግን ላኩልኝ። ዛሬ በኢሜይልም ይቀበላሉ፤ ካርዱን በወረቀት የሚልኩ ከሆነ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስጪ። የሳቢያን ቤት ቁጥር አይሠራም።

ያ ቀይ መስመር ከ9.7 ትንሽ አለፍ ብሎ ከሆነ የተሰመረው፣ 9745 ነው። በአሮጌ ሬዲዮ መርፌ ሌሊት በጨለማ ያንን ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው ምልክት ያደረጉበት። የጥፍር ቀለሙ የማን እንደነበር እማማን ጠይቂያቸው። መስታወቱን ስታጸጂ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ተጠቀሚ። አልኮልም አሴቶንም አይንካው፤ መስመሩን ያነሳዋል።